ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

መተማ ዮሐንስ በኖርኩባቸው ዓመታት እንደ አሠሪዬ የናቅሁት ሰው የለም። ከጎንደር ወርዶ በሰሊጥ የከበረ ባለሀብት ነበር፤ ከኬላው ፈቀቅ ብሎ ሆቴል ሠራ። እኔ ቴክኒሻኑ ነበርኩ። በአፌ አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ለማለትም ይከብደኝ ነበር።

በየክፍሉና በግቢው ትልቅ ስክሪን የሚታየው ፊልም ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ኮምፒውተር ነው። «ሰርቨሩ» ይለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ አዲስ ትራክተር ያስጎበኘዋል። እሱ ራሱ ከሙቀቱ የተነሳ በቀን ሦስት ሸሚዝ ይቀይራል። ሰርቨሩን ግን አቧራ እንዳይነካው ብሎ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ቆለፈበት፤ አልበቃው ብሎ ሚስቱን ዳንቴል አሠርቶ አለበሰው። ዳንቴል ለቴሌቪዥንም ለሬዲዮም ይለበሳል፣ አውቃለሁ። ይሄ ግን ሌት ተቀን የሚሠራ ማሽን ነው።

«ጋሼ፣ ይታፈናል። ሙቀቱ ፊልሙ የተቀመጠበትን ዲስክ ይገድለዋል» አልኩት።

«ዳንቴል እኮ ቀዳዳ አለው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ማቀዝቀዣው ሲቃጠል ቀየርኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወሩ ተቃጠለ፤ እሱንም ቀየርኩ። በተበላሸ ቁጥር «ስትነካካው ነው» ይለኛል። ዲስኩም አንድ ቀን እንደሚሞት ስለማውቅ ሁለት ገጠምኩ፤ አንዱ ላይ ያለው ሁሉ ሌላውም ላይ እንዲቀመጥ።

ለፊልሙ አልነበረም የተጨነቅሁት። የእትዬ፣ የሚስቱ፣ የበኩር ልጃቸው በገለጉ መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። በእህቱ ሠርግ ሲጨፍር የተቀረጸው ቪዲዮ የቀረው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲዲው ተጫጭሮ ከተጣለ ቆይቷል። እሁድ ከሰዓት ግቢው ሳይሞላ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እከፍትላቸዋለሁ። ሲያልቅ «ተባረክ» ብለውኝ ይነሳሉ።

ሰውዬው ሽንፋ ላይ ሁለተኛ ሆቴል ሲከፍት አንደኛውን ዲስክ ንቀል አለኝ።

«ጋሼ፣ የልጅዎ ቪዲዮ አለበት።»

«እዚህኛውስ ላይ አለ አይደለም? አንዱ እየሠራ ሁለተኛው ምን ይሠራል?»

ይሄን የሚለው ሁለት ተጠባባቂ ጎማ ሳይጭን መኪናውን ወደ ገለጉ የማይልክ ሰው ነው! ዲስኩን ወስዶ፣ ያለውን አስጠፍቶ፣ የድብድብ ፊልም አስሞላው።

የሰሊጥ አጨዳ በደረሰበት አንድ እሁድ ልጁ ትከሻውን ሊሰብቅ እጁን ወገቡ ላይ እንዳደረገ ምስሉ ቆመ፤ ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። አቀዘቀዝኩት፣ ገመድ ቀየርኩለት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ።

«እትዬ፣ ይሄ አይመለስም» አልኳቸው።

«ሁለተኛውሳ? ሁለት ላይ ነው ያስቀመጥኩት ብለኸኝ አልነበር?»

ሰውዬው አጠገባችን ቆሟል። አየሁት። የሽንፋውን እስኪናገር ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አልኩ።

ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሙቀት ነው። ዳንቴልሽ አፍኖ ገደለው» አላቸው።

ስንት ጊዜ ስነግረው የሳቀብኝን ነገር ለካ አንድ ቃል ሳይጥል ይዞት ኖሯል። እትዬ ዳንቴሉን ከቁም ሳጥኑ አነሱት። ገና አልበረደም ነበር።

«እኔ ነኝ?» አሉ፤ እሱም ሸሚዙን ሊቀይር ወጣ።