የፊተኛው ዳቦ ግማሽ

ባለቤቴ የሞተ በሰኔ መግቢያ ነው። ተዝካሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። አንዲት ሴት በዝግታ፣ ቃሉን እየመረጠች፣ እሱ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን በትግርኛ ለዛ ስትጠራው ማን እንደሆነች አወቅሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ትመጣለች እያልሁ ስፈራት የኖርሁ ሴት ነች።

ደርግ በወደቀ ዓመት ባለቤቴ ከአስመራ በእግሩ ሱዳን ገባ። ከሱዳን ዞሮ ሞጣ እናቱ ቤት ሲደርስ እናቱ ራሳቸው አላወቁትም ይባላል። እኔ ያገኘሁት ሰውነቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ቢቸና መጥቶ ቤት ተከራየ፣ ከጓሮ ምድጃ ሠራ፣ ዳቦ መሸጥ ጀመረ። በሰፈራችን ዳቦ ማለት ለበዓል የሚደፋው ድፎ በነበረበት ጊዜ እሱ በየጧቱ ትንንሹን፣ ሆዱ የተሰነጠቀውን፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሸውን ያወጣ ነበር።

ሽማግሌ ልኮ አገባኝ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቼ ከዚያ ያላለፍሁ ነኝ፤ እሱ አገር ያየ ሰው። ሙሽራ ሆኜ ሞጣ ቤተሰቡን ልጠይቅ ስሄድ ታላቅ እህቱ ከሣጥን ፎቶ አውጥተው አሳዩኝ። እሱ የወታደር ልብስ ለብሷል፤ አጠገቡ ሹሩባዋ ደቃቅ የሆነ ረዥም ሴት ቆማለች። አስመራ እያለ ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል፣ ጦሩ ሲበተን ተለያዩ፣ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። እኔ ግን ሴቲቱን ብዙም አላየኋት። ያየሁት የሱን ጥርስ ነው። ስቆ ነበር። በኛ ሠርግ ፎቶ ላይ አፉ እንደተሰፋ ከረጢት ነው።

ከዚያ ወዲያ ዳቦው ጠላቴ ሆነ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት አስተማሪዎችና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ይህ የአስመራ እጅ ነው እያሉ ያሞግሱታል። እሱ አያስተባብልም፤ ይቆጥርና ይሰጣቸዋል። ሊጡን አብሬው የማቦካው እኔ፣ በጭሱ ዓይኔ የጠፋ እኔ፣ ምስጋናው ግን ለሷ። የት ነው የተማርኸው ስለው ሱዳን መጠለያ ውስጥ አለኝ። ለኔ የተዘጋጀ ውሸት መሰለኝ።

ይባስ ብሎ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። በየጧቱ ከምድጃው መጀመሪያ የሚወጣውን ዳቦ ለሁለት ይቆርሰዋል። ግማሹን ቆሞ ይበላል። ግማሹን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ልጅ ቢያለቅስም አይሰጠውም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ቀድሞ በራፋችን ለቆመ የቆሎ ተማሪ ይሰጠዋል። አንድ ቀን፣ የማን ድርሻ ነው አልሁት።

“በረሃ ላይ ርቧቸው የቀሩት ጓዶቼ” አለኝ።

“ጓዶችህ ሹሩባ ይሠሩ ነበር?”

ዱቄቱን ከክንዱ አራግፎ ወጣ። ዳግመኛም አላነሣነው።

ልጆች ስወልድ በቅናቱ ላይ ፍርሃት ተጨመረበት። ከሱ ወልዳ እንደሆነስ? የበኩር ልጁን ይዛ ብትመጣስ? እኔና ልጆቼ ምን ልንባል ነው? መኪና በመጣ ቁጥር ከሚወርዱት ሴቶች መካከል ሹሩባ እፈልግ ነበር። ድንበር ላይ ጦርነት ተነሥቶ መንገዱም ስልኩም ሲዘጋ፣ ጎረቤቴ ልጇን ሸኝታ ስታለቅስ፣ እሷን እያባበልሁ በሆዴ እፎይ አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሱ ያን ዓመት ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከረመ። ለጦሩ ይሁን ለሷ አልጠየቅሁትም።

ሳንባው ነው የገደለው። ሦስት ሳምንት ተኛ። ትኩሳቱ ሲያስቀባጥረው ስሟን ይጠራል ብዬ ከንፈሩን እጠብቅ ነበር፤ ልብ በሉ፣ ሊሞት የተኛ ሰው ላይ። እሱ የሚለው ግን “ምድጃው ነደደ?” ነበር። ነዷል እለዋለሁ። የድሮ ወታደሮች ከሞጣም ከጉንደ ወይንም መጥተው ተሸክመው ቀበሩት።

ወር ሳይሞላው ከአስመራ ጋር እርቅ ወረደ፣ ስልክ ተለቀቀ ተባለ። ከተማው ሲደሰት እኔ በሬን ዘጋሁ። ከመሬት በታች ያለን ሰው ትወስድብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ደወለችም። እሱ አለ ወይ አለች።

ሞቷል ብዬ እንደ ድንጋይ ልወረውርባት ፈለግሁ። ብቻዋን ትውደቅ አልሁ። ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት አሰባስቦ ነው፤ ለጠላትም ቢሆን። ለካ ቀድማ የደወለችው ሞጣ ለእህቱ ኖሯል፤ እሳቸውም መናገሩ ቢያስጨንቃቸው የኔን ቁጥር ሰጥተዋት ዘጉ። አንቺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“አጠገብዎ ሰው አለ?” አልኋት።

ያገሯም ወግ እንደኛው ነው መሰለኝ፣ ጥያቄው ራሱ ነገራት።

“ብቻዬን ነኝ። ግድ የለም፣ እህቴ። መቼ?”

“ሰኔ መግቢያ።”

ስታለቅስ ሰማኋት። ጎረቤት ይጥሩ ብላት እንቢ አለች። ቆይታ ዓይኑን ማን እንደከደነለት ጠየቀችኝ። እኔ አልኋት። ኮራሁ፤ አልዋሽም። ልጅ እንዳላት ስጠይቃት አልሰጠንም አለች። እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር፤ ምላሴ አላስቻለኝም።

“ዳቦውን የተማረው ከርስዎ ነው?”

“የምን ዳቦ? እሱ ዳቦ ይጋግር ነበር?” እንባዋ መሐል ሳቅ አለች። “ሻይ እንኳ ማፍላት አይችልም ነበር’ኮ።”

የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁበት ዳቦ የሷ አልነበረም። ጋጋሪውን አታውቀውም፤ ጋጋሪው የኔ ብቻ ነበር። የሱዳኑ ነገር እውነት ከነበረ ጓዶቹም እውነት ነበሩ። እኔ በሹሩባ ያላገጥሁባቸው፣ ርቧቸው የቀሩት። ከዚያች ጧት በኋላ የነበረው ዝምታው አሁን ገባኝ፤ ይቅርታ የምለው ሰው ግን የለም።

ልትዘጋው ስትል፣ በተዝካሩ ቀን በኔም ስም አንድ ነገር አድርጊልኝ አለችኝ። እሺ አልኋት።

በአርባው ማለዳ ምድጃውን ራሴ አነደድሁ። የፊተኛውን ዳቦ ለሁለት ቆረስሁ። ግማሹን መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥሁ፣ ለጓዶቹ። ግማሹን ቆሜ በላሁ። የሷንም አልረሳሁም፤ አንድ ሙሉ ዳቦ ስሟን ጠርቼ ለቆሎ ተማሪ ሰጠሁላት። ያ በፎቶው ላይ የሳቀው ጥርስ ግን አሁንም የሷ ነው። ስለዚህ ዳቦዋን የሰጠኋት ከሁለተኛው ዙር ነው።