ሁለት መኪና ያስጨፈረች ማጫወቻ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከወልድያ ተነሣን። የአክስቴ ልጅ ብርቱካን እሑድ ከብልባላ ወደ ላሊበላ ልትዳር ነው፤ የመኪናውን ሙዚቃ እኔ ላይ ጥለውታል። አንዲት ትንሽ ማጫወቻ ላይ የሠርግ ዘፈን ጭኛለሁ። የሾፌራችን የጋሽ ሙላት ሚኒባስ ግን የሚያውቀው ካሴትና ራዲዮ ብቻ ነው።

ለዚህም ሽቦ የተቀጠለበት፣ ካሴት የሚመስል ነገር ገዝቼ ነበር። ሽቦውን ማጫወቻው ላይ ሰክቼ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። የድልብን ዳገት እስክንጀምር ዘፈነ። ከዚያ ገጭ ገጭ ብሎ ተፋው። መልሼ ብከተው መልሶ ተፋው።

«ቴፑ አርጅቷል ልጄ፣ አታስገድጂው» አሉ ጋሽ ሙላት።

ጋሸና፣ አምስት ሰዓት

ጥብስ እየበላን ኩርፊያዬን ያየ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ሄዶ፣ የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የምትሰካ ዕቃ አመጣልኝ። የማጫወቻውን ድምፅ በኤፍኤም ወደ ራዲዮ ትልካለች።

«አዲስ አበባ ጣቢያው በዝቶ አላሠራት አለ። እዚህ ግን አየሩ ያንቺ ነው። ውሰጃት፣ ለሙሽራዋ ይሁን።»

ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። ላሊበላን አልፈን ብልባላ እስክንገባ ጋሽ ሙላት መሪ እንደያዙ በትከሻቸው ጨፈሩ።

ብልባላ፣ እሑድ

ሙሽራዋ ስትወጣ ከበሮውና እልልታው ቀለጠ። ብርቱካንን ያሳደጓት አያታችን መሪጌታ በር ላይ ቆመው መረቁ፤ ድምፃቸው ደካማ ነውና ማንም አልሰማቸውም። እሷ ከኋላችን ባለው የሙሽራው መኪና ገብታ በሩ ተዘጋ።

«አልሰማችኝም» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ያለ ምርቃቴ ልትሄድ?»

ማጫወቻዋ ድምፅም ትቀዳለች። ወደ አፋቸው አስጠጋሁላቸው።

«ቅድም ያሏትን እዚህ ላይ ይድገሙላት፣ አባባ።»

«የክብሪት ቀፎ ላይ?» ብለው ሳቁና ጀመሩ።

ለኋለኛው ሾፌር ራዲዮውን የሚከፍትበትን የጣቢያ ቁጥር ነገርኩት። ዕቃዋ ሩቅ ስለማትደርስ «አቧራውን ቻለውና ተጠጋን» አልኩት። ከብልባላ እንደወጣን የቀዳሁትን ምርቃት ከፈትኩት። «ቤትሽ የእንግዳ፣ ጎተራሽ የእህል፣ ጉልበትሽ የልጅ ይሁን...» በሁለቱም መኪና ተሰማ። ዞር ብዬ ባይ፣ ብርቱካን ሁለት እጇን ዘርግታ አሜን ትላለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ጥርሷ ይስቃል። ምርቃቱ ሲያልቅ ዘፈኑን ለቀቅሁት። ላሊበላ የገባነው በሁለቱም መኪና ውስጥ በአንድ ምት እየተጨፈረ ነው።

ወልድያ፣ ማክሰኞ

እግሯ ተሰብሮ ከሠርጉ የቀረችው እናቴ የአባቷን ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይዛ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ዘፈን አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ለጉዞ ስዘጋጅ ማጫወቻዬን በዘፈን አልሞላትም፤ ለሚገጥመኝ ሰው ድምፅ ቦታ እተዋለሁ።