በደቦው ፊት ለመቆም

በዚያ ጠዋት የግራ እግሩን ካልሲ አለበስሁት፤ የጫማውንም ማሰሪያ አሰርሁለት። ጎንበስ ማለት ካቃተው ቆይቶ ነበር።

«ጠበቅ አድርጊው፤ ዛሬ እንደ ሙሽራ ነው የምወጣው» አለኝ።

«ሙሽራ ሲነሣ እንዲህ አያቃስትም» አልሁት።

ሳቀ። አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው።

ባለቤቴ እዚህ መተማ ቆላ ሰሊጥ ያርስ ነበር። አንድ ቀን ኩንታል ተሳቢ ላይ ሲጭን ወገቡ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ እስከ አውራ ጣቱ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረው ጀመር። ገንዳ ውሃ ከተማ ወርዶ መርፌ ተወጋ። ለጊዜው ያስታግሰዋል፤ ሲለቀው ይብስበታል። የማስታገሻ ክኒን ሲውጥ ከርሞ ጨጓራውን አቃጠለው። በመጨረሻ ጎንደር ወሰድሁት። ሐኪሙ የወገቡን ፎቶ አይቶ፣ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቩን እንደተጫነው ነገረን።

«ይህ መድኃኒት ነርቩን የሚያረጋጋ ነው፣ አባቴ» አለው ካፕሱሉን ሲያዝለት። «እንደ መርፌው ወዲያው አይሰማዎትም፤ መጠኑንም ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው። እንቅልፍ ያመጣል። ሳያማክሩኝ ሌላ መድኃኒት እንዳይደርቡበት። አረቄም ይቅርብዎ።»

እንደተባለው ዋጠ። መጀመሪያ ላይ ሲራመድ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ነበር፤ አፉም ይደርቅበታል። እየዋለ እያደረ ግን የእግሩ ሕመም ረገብ አለለት፣ እንቅልፍም አገኘ። ለእኛ ቤት እንቅልፍ ትልቅ ነገር ነበር። ማጭድ ይዞ መቆም ግን አልቻለም። ዘንድሮ ይተኛ፣ ለከርሞ ይነሣል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው ከተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ጥቂት ስለነበር ጎረቤቶቻችን ደቦ ሊወጡልን ተስማሙ። በእኛ አገር ባለማሳው ከደቦው ፊት ቆሞ ቀድሞ ያጭዳል። ማንም አያስገድደውም፤ ግን ያጭዳል። በዋዜማው ስለ ሥራው ሊነጋገር የመጣ ጎረቤታችን፣ «ነገ ጥላ ሥር ጋደም ብለህ ነዋ የምታሳጭደን!» አለው። ሁላችንም ሳቅን።

ሰውየው ሲሄድ «ቀልዱን ነው፣ ተወው» አልሁት።

«አውቃለሁ። ቢሆንስ፣ ሰው በእኔ ማሳ እየደከመ እኔ ልተኛ?»

በማግስቱ ማሳው ዳር በተጣለው ዳስ ውስጥ ወጥ እየሠራሁ ቀና ስል ከፊት ሆኖ ሲያጭድ አየሁት። ጎንበስ ብሎ። ዓይኔን አላመንሁም። ለምሳ ሲመጣ ፊቱ በላብ ርሶ ይስቃል።

«ዛሬ እግሬ ተወኝ» አለ።

ጥቂት ቀመሰ፤ የቀትሩን ካፕሱል በውሃ ዋጠና ጋደም አለ። መድኃኒቱ በመጨረሻ ያዘለት ብዬ ደስ አለኝ። እንዳይቀሰቅሱት ሰዎቹን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ አልኋቸው። ያንኮራፋ ነበር። ማንኮራፋቱ እየሳሳ ሲሄድ ቀርቤ አየሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ብጠራው፣ ብነቀንቀው አልሰማኝም። በትራክተር ተሳቢ ጭነን ወደ ገንዳ ውሃ ስንከንፍ፣ ራሱ እጭኔ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ።

ለቅሶ ላይ፣ ያን ቀን እኛ ማሳ ላይ ያጭድ የነበረ አንድ ከጎጃም የወረደ ወጣት የቀን ሠራተኛ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ያን ጠዋት እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ያችን ከድንበሩ ማዶ የምትመጣዋን ክኒን፣ ትራማዶሏን። ‹ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዳትወስድ ብሎኛል› ብለውኝ ነበር። ‹ይችማ መድኃኒት አይደለችም፣ አያ፤ ጉልበት ናት› አልኋቸው። እኛ ሁልጊዜ እንውጣት የለም ወይ? ድካሙን ታስረሳለች።»

እውነቱን ነው የነገረኝ። ሠራተኛው ወደ ማሳ ሲወጣ እንደ ሻይ ነው የሚወስዳት፤ መድኃኒት ብሎ የሚቆጥራት የለም። ባለቤቴም አልቆጠራትም። ክኒኗ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ እንደሆነች፣ ከካፕሱሉ ጋር ስትደረብም የተኛ ሰውን ትንፋሽ እንደምታዳክም አንድ የጤና ባለሙያ ኋላ አስረዳኝ። ልጁን አልረገምሁትም። የእሱም እጅ በማጭድ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ሰሊጡን ደቦው አጭዶ ጨረሰልኝ። ነዶው እንዲደርቅ በየሂላው፣ በየቁም ክምሩ፣ ተደግፎ ቆሞ ሳየው፣ ያ ሁሉ ለዚህ ነበር አልሁ። የቀሩት ካፕሱሎች እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ ናቸው።

አሁን ማሳውን እኔ አሠራለሁ። አጨዳ ሲደርስ ለሠራተኞቹ ቁርስ እያቀረብሁ፣ ምን እንደሚውጡ እያንዳንዳቸውን እጠይቃለሁ።