ለሙታን ሰላም የሚል ሰው

ከሐይቅ እስጢፋኖስ ተሳልሜ ስመለስ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ሁለት ሳህን ለዘበኛው ስታቀብል አየሁ።

«ይኼ ለወንድሜ ለኡበይድ። ይኼኛው አብሮት ለታሰረው ለሽታው ነው፤ ጠያቂ የለውም። ጾም ላይ ስለሆነ ቅቤ አልነካውም።»

ሽታውን ከወንድሟ ጋር ከመታሰሩ በቀር አታውቀውም። እስላም ሆና የኛን ጾም ስትጠብቅ ሳይ ፈጣሪን አመሰገንሁ። ቀርቤ ታሪኳን ስሰማ ግን ደሜ ፈላ።

ፈዲላ ትባላለች። አባቷ በጦርነቱ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ኡበይድ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሷ ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት መረቡን ከቀደደበት ሰው ጋር ተደባደበና ታሰረ። በዋስ የሚወጣበት ነገር ነበር።

አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ታብሌት ይዞ ኡበይድ ወደታሰረበት መጣ። «ጦርነቱ የጎዳውን አእምሮ ለማከም ነው፤ የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል» አለው።

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ?»

«አባቴ ለሱብሒ ሶላት ሲቀሰቅሰኝ እሰማለሁ።»

«የሞተ ሰው ታናግራለህ?»

«ኧረ! በአባቴ መቃብር ሳልፍ ሰላም ሳልለው ልለፍ?»

ባለሙያው መልሱን ሲያስገባ ታብሌቱ ቀይ አበራ፤ «አደገኛ» አለ። በማግስቱ መርማሪው ይህንኑ ለዳኛው አቅርቦ ዋስትናውን ተቃወመ። ዳኛውም ለመወሰን ለሐሙስ ቀጠሩ።

እኛ አገር ጤናው የሚያጠራጥረው ለሙታን ሰላም የማይል ሰው ነው! ቄስ የሰማውን ኑዛዜ ለከሳሽ ቢያቀብል ምን እንለዋለን? በሕክምና ስም ሐዘኑን አስወጥተው በሐዘኑ ከሰሱት። «እምቢ ማለት ትችላለህ» ያለው የለም፤ ጠበቃም አጠገቡ አልነበረም። ሰው ቢመሰክርበት መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅለታል። ታብሌቱን ማን ይጠይቀዋል?

ፈዲላ መናደዴን አይታ ሳቅ አለች። «ወላሂ ታብሌቱ እኔን ቢጠይቀኝ በፈነዳ ነበር። እኔ ከዓሣውም ጋር አወራለሁ።»

«እኔስ ብትይ፣ እታለም!»

ሳቋን ዋጠችው። «ጋሼ፣ እርስዎስ ጻድቃኑን ያናግሩ የለ?»

«አሁንም አናግሬ መምጣቴ ነው።»

«የሞቱ አባትዎንስ?»

«ሳላነሳቸው ውዬ አላውቅም።»

«እንግዲያ ሐሙስ ችሎት ይምጡልኝ። ዳኛው ፊት ቆመው፣ ‹እኔም አናግራለሁ፤ እኔም እሰማለሁ› ይበሉልኝ።»