ሆዴ በእንግሊዝኛ

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሕግ አንድ ነበር፤ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የጻፈ አለቀለት። ከኛ በፊት የነበረ አንድ ተማሪ «አንጀቴን በላኝ» ለማለት «ሂ ኤት ማይ ኢንተስቲን» ብሎ ጽፎ እንደወደቀ በየሳምንቱ ይነግረናል። እኛም በየሳምንቱ እንስቃለን። እኔ ግን ውስጥ ውስጡን እበሽቅ ነበር። የእንግሊዞቹ ዝናብ ድመትና ውሻ ሆኖ ሲወርድ ዘይቤ ነው ተብለን እንሸመድዳለን፤ የኛ አንጀት ቅቤ ሲጠጣ ምን አጠፋ? አንድ ቀን ይህንኑ ብጠይቀው «አራሚው የሚያውቀው የነሱን ነዋ» አለኝ።

አማራጭ ስላልነበረኝ ሸመደድኩ። እንደ አንበሳ ደፋር፣ እንደ በረዶ ነጭ፣ ጊዜው በረረ። ቀላሉን ቃል በከባዱ መተካትም ተማርኩ፤ «ጥሩ» ለማለት «ጉድ» ብሎ መጻፍ ለኛ ነውር ሆኖ ነበር። እንዲህ የተጋሁት ወድጄ አይደለም። መንገዱ ለወራት ተዘግቶ አስተማሪ በመጥፋቱ የቀዬአችን የድብ ባሕር ትምህርት ቤት ሥራ ካቆመ በኋላ ከተማ አራዳ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ ነበር የምማረው፤ አክስቴ ደግሞ ከተማውን ልትለቅ ነው። በዚያው ሰሞን ማደሪያና ምግብ ያለው ነጻ የትምህርት ዕድል ወጣ። የሚወስዱት አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ካላለፍኩ ወደ ድብ ባሕር ተመልሼ ትምህርቱን መተው ነው።

ፈተናው የአንድ ቀን ነው፤ ጠዋት በእንግሊዝኛ ድርሰት ይጻፋል፤ ከሰዓት በፈታኞች ፊት ይነበባል፣ ጥያቄም ይመለሳል። ርዕሱ «ስንብት» ነበር። አንበሳውንም በረዶውንም በየቦታው ሰካኋቸው። መጨረሻው ላይ እናቴ መጣችብኝ። ከድብ ባሕር ስነሳ የመኪናውን መስኮት ይዛ «ሆዴ፣ አይዞሽ» ብላኝ ነበር። ይህንኑ ቶሎ ጽፌ ወረቀቴን ሰጠሁ።

ምን እንደጻፍኩ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። «ማይ ስቶማክ፣ ቢ ስትሮንግ።» ስንት ወር የሳቅኩበት ልጅ ራሴ ሆኜ አረፍኩት። ተመልሼ ወረቀቱን እንዲሰጡኝ ብለምን በሩ ላይ ያለው ሰውዬ «አይቻልም» አለ። ምሳ ሰዓቱን በአራዳ ሱቆች መሃል ስሽከረከር አሳለፍኩት፤ እህል አፌ አልገባም።

ከሰዓት ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ ተፈታኞቹ ከኋላዬ አግዳሚ ላይ ናቸው። ከኔ በፊት ያነበቡት ሁሉ እንደ አንበሳ ደፋር ነበሩ። ተራዬ ደርሶ ሳነብ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ አልጠቀመኝም። ክራባት ያሰረው ፈረንጅ ፈታኝ ከልቡ አዝኖ «እናትሽ ሆዷን አሟት ነበር? አሁንስ ተሻላት?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ።

ያኔ ፍርሃቴ ጠፍቶ ንዴት መጣ። እናቴን ነው የሳቁባት። «እሷ አልታመመችም፤ ሆዷ እኔ ነኝ» አልኩት፣ በዚያው በእንግሊዝኛ። ሳቁ ባሰ። ቀጠልኩ፤ የሸመደድኩት ከባድ ቃል አንድም አልመጣልኝም፤ ነውር የነበረው ቀላሉ ቃል ሁሉ ግን መጣ። በኛ ዘንድ ሲከፋን የሚብሰን ሆድ ነው፤ ስናዝን የሚባባ እሱ ነው፤ ምስጢር የሚቀመጠውም እዚያ ነው፤ ልጅም ከዚያ ነው የሚወጣው አልኩ።

«‹ማይ ዲር› ብትዪ አይሻልም ነበር?» አለችኝ መሃል የተቀመጠችው መነጽር ያደረገች ሴትዮ።

«እናቴ እንደሱ ብላኝ አታውቅም።»

ሴትዮዋ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አለቀልኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሊመሽ ሲል ጠሩኝ። ሴትዮዋ ፈገግ አላለችም። «ቃሉ ስህተት ነው፤ ነጥብ ቀንሰንበታል» አለች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና በአማርኛ «አንበሳ ግን ሰልችቶን ነው የዋልነው። አልፈሻል» አለችኝ። ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላስታውስም።

ደጅ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ማለፌን ነግሬያት እልል ብላ ከጨረሰች በኋላ ስለ ቃሉም ነገርኳት።

«ምነው ሳቁ ታዲያ?» አለችኝ። «እንግሊዞቹስ ልጃቸውን ምን ይላሉ?»

ከሸመደድኩት መሃል ፈልጌ «‹ሃኒ› ይላሉ፤ ‹ማሬ› እንደማለት ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችበት።

«ማርማ ያልቃል፣ ሆዴ።»