ናዲን የዘጋችው የጣሪያ መስኮት

ናዲንን የፈለገ ሰው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሂድ። ተጎታች ቤቶቻችን በቆሙበት ግቢ ውስጥ ደረቅ ቦታ ያ ብቻ ነው። የሚታጠብ ልብስ ባይኖራትም ጀርባዋን ማድረቂያው ማሽን ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች። «ሙቀት ልሰርቅ ነው የመጣሁት፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ትለኛለች፣ ግቢው በሙሉ እያወቀ።

የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ዝናብ ሰው እስኪሰለቸው ይዘንባል፣ ከሰለቸው በኋላም ይዘንባል። ናዲን ዕድሜዋን በሙሉ በእርጥበት ውስጥ ነው የኖረችው። ወጣትነቷን ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ በጎማ ቦት ጫማ ቆማ ጨረሰችው። ባሏ ኤልዊን ግንድ የሚጭን መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው ተጎታቹን ገዙና በብርዱ ወራት ወደ አሪዞና በረሃ እየጎተቱ ይወስዱት ጀመር። «አጥንቴን ላሰጣው» ትል ነበር። በኋላ ኤልዊን ልቡን ሲታመም ከሐኪሙ መራቅ አልቻሉም። ተጎታቹም እዚሁ ቆሞ ቀረ፣ በጎማው ዙሪያ ሣር በቀለ።

ኤልዊን ዝናቡ ሳይገባ በየዓመቱ መሰላል ይዞ ጣሪያው ላይ ይወጣ ነበር። ጣሪያው የለበሰውን የጎማ ንጣፍ ያጥባል፣ መጋጠሚያዎቹን በጣቱ እየዳበሰ የተሰነጠቀውን ይደፍናል። በዚህ ተጣልተው አያውቁም። የሚጣሉት ጣሪያው ላይ ባለችው፣ ዝናብ የሚመክት ክዳን ባላት ትንሽ መስኮት ነበር። እሱ እየዘነበም ቢሆን ገርበብ ያደርጋታል፣ እሷ ትዘጋለች፣ እሱ መልሶ ይከፍታል።

«ሰውዬ፣ እኔ ቤት ላሞቅ እለፋለሁ፣ አንተ ሰማይ ታሞቃለህ።»

«ቤቱ ይተንፍስ» ይላታል። ከዚያ በላይ አያብራራም፤ ወሬ የሚያበዛ ሰው አልነበረም።

ከኤልዊን ቀብር ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ያችን መስኮት መዝጋት ነበር። «በመጨረሻ አሸነፍኩት ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ» ብላኛለች።

ጎረቤታችን ሆሊስ ደግሞ እንግዲህ ማን ጣሪያ ይወጣላታል ብሎ አሰበ። ሰማያዊ ሸራ አምጥቶ ቤቷን ከላይ እስከ ወገቡ ጠቀለለና በገመድ ጥርቅም አድርጎ አሰረላት። እኛ ግቢ ሰው ሲያዝንልሽ ሸራ ያለብስሻል።

ብዙም ሳይቆይ የቁም ሳጥኑ ጥግ ጠቆረ። የፍራሹ ሆድ ሻገተ። ናዲን መሳል ጀመረች። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ብላ ስትነግረው ሆሊስ ሌላ ሸራ ደረበበት። እሷም እርጥበቱን ላድርቅ ብላ ጭስ ማውጫ የሌላትን የጋዝ ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ ማንደድ ጀመረች። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ልጇ ጆሊን ይህን ሰምታ ከአይዳሆ ደወለች። «እማ፣ ለኅዳሩ የምስጋና በዓል የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ያ ቁም ሳጥን ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተኝ አንቺንም ዕቃሽንም ጭኜ ነው የምመለሰው።»

«ደግ ልጅ ናት» አለችኝ ናዲን፣ ማድረቂያውን ተደግፋ። «ግን እዚያ የምተኛበት አልጋ የእንግዳ ነው። እዚህ የኤልዊን ጎን አለ። መጓዝም ደክሞኛል፣ መቆየትም ደክሞኛል። ከሁለቱ ግን መቆየቱ ይሻለኛል።»

በዓሉ ሲቃረብ ዝናቡ ጋብ አለና ነፋስ ነፈሰ። «ሸራውን አንሡልኝ፣ የሚያፈሰውን ልየው» አለች። እኔ መሰላሉን ያዝኩ፣ ሆሊስ እያቃሰተ ወጣ። ገመዱን ፈትቶ ሸራውን ገፈፈና ተንበርክኮ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይዳብስ ጀመር።

«ሞትክ እንዴ?» አለችው ናዲን።

«አንድ ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ሌላው የኤልዊን ሥራ እንዳለ ነው። ቤትሽን ያራሰው ይሄ አይደለም።»

ሲወርድ ሁላችንም ወደ ውስጥ ገባን። ማሞቂያው ይነዳል፣ ድስት ይንተከተካል። ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ጠብ አላለም፤ በተዘጋችው መስኮት የውስጥ ገጽ ላይ ግን ውሃ ተንጠልጥሏል። አንዷ ጠብታ የሆሊስ መላጣ ላይ አረፈች።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች ናዲን።

«ከአንቺ» አለ፣ መላጣውን እየጠረገ። «ከትንፋሽሽ፣ ከድስትሽ፣ ከዚያ ማሞቂያ። ጋዝ ሲነድ እኮ እንፋሎት ይተፋል። እኔ ደግሞ መውጫውን ሁሉ አሰርኩበት።» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «በእኔ ሸራ ነው ስትስይ የከረምሽው።»

«ተወው ሆሊስ። መስኮቷን የዘጋኋት እኔ ነኝ።»

«ኤልዊን ቢያየን...»

«ምንም አይልም። ዝምታው ነበር የሚያናድደኝ።»

ሆሊስ ስንጥቋን ለጎማ ጣሪያ በሚሆነው ማሸጊያ ደፈነ፤ የቤት ሲሊኮን እንዲህ ያለ ጣሪያ ላይ አይቆይም፣ ይላጣል። የበሰበሰውን የቁም ሳጥን ወለል ነቅለን ጣልን፤ የቀረውን አፋችንን ሸፍነን በሳሙና አጠብነው፣ በማራገቢያ አደረቅነው። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ተተካ፤ አዲሱ ፍራሽ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ርብራብ ላይ ተቀመጠ። መስኮቷም ተከፈተች። ናዲን ከዚያ ወዲህ ካፖርት ለብሳ ነው ቡና የምታፈላው፤ በየጠዋቱም መስታወቶቹን በፎጣ ትወለውላለች። «እንደገና ዓሣ ፋብሪካ ተቀጠርኩ» ትላለች።

ጆሊን በዝናብ መጣች። ሳትቀመጥ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጭንቅላቷን አስገባች። ናዲን ሳሏን እንደምንም ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

«ሳሙና ሳሙና ይሸታል» አለች ጆሊን፣ እንደ ቅሬታ። «ግን እማ፣ ይሄ ብርድ ነው። ያቺ መስኮት ተከፍታለች እኮ፣ እየዘነበ።» ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ልጄ፣ እጅሽን ሰብስቢ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ጆሊን እጇን መለሰች። «እስከ ፀደይ» አለች። «ከዚያ እናያለን።»

«እስከ ፀደይ» አለች ናዲን፤ ያን ጊዜ ነው የሳለችው።

በማግስቱ የጭነት መኪናው ባዶውን አልተመለሰም። የሻገተውን ፍራሽ ቆሻሻ መጣያ ድረስ አደረሰልን።