ከጋሽ ይማም ጋቢ ማዶ

የልጅ ልጄ ሃያት ወልድያ ነው የምትማረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ባለፈው ስትመጣ ማንጎው ሥር ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ በሌላው ዓይኗን ሸፍና አገኘኋት። በጣቶቿ መሃል እያሾለቀች አስፈሪ ፊልም ታያለች።

«የሚያስፈራሽን ነገር ማን እዪው አለሽ?» አልኳት።

«ጓደኞቼ ሁሉ ይወዱታል አባባ። መልመድ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ከአሮጌዎቹ ጀምሪያ» ስላት አፏን ከፍታ አየችኝ። የማውቅ አልመሰላትም። አውቃለሁ እንጂ፤ የሚያናድደኝም ማወቄ ነው።

በጉብዝናዬ ጊዜ እኔና እንድሪስ ከመርሳ ብርቱካን እየጫንን ወልድያ እናወርድ ነበር። እንድሪስ አሰብ ወደብ የጉልበት ሥራ ሲሠራ ቆይቶ የተመለሰ ጓደኛዬ ነው፤ ሲኒማ የለመደው እዚያ ነው፤ አፉ አያርፍም። ዝናቡ አባርቶ ማሽላው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲቀላ፣ ጭነቱ ላይ ወጥተን ብርቱካን እየላጥን እንሄዳለን። ሲሪንቃን ስናልፍ ነፋሱ ልጣጩን ከእጃችን ይነጥቀዋል። ዛሬም የናፍጣ ጭስ ሲሸተኝ ብርቱካን ያምረኛል።

ጭነቱን አራግፈን መኪናው እስኪመለስ ድረስ ጋሽ ይማም ቪዲዮ ቤት እንገባለን። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ በጠራራ ፀሐይ የጨለመ ክፍል ነው። ጋሽ ይማም ጨዋ ሰው ነበሩ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጡና፣ ፊልሙ ላይ ወንድና ሴት መጠጋጋት ሲጀምሩ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ዘርግተው ይጋርዱታል። ድምፁን ግን አይዘጉትም። ነገሩ አልፏል ብለው ሲገምቱ ገለጥ ያደርጉታል። ማንም አያጉረመርም፤ የቤቱ ደንብ ነው። እህትህን ይዘህ ብትገባ የማታፍርበት ቤት ነበር።

አንድ ሰሞን አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከደሴ አስመጡ። ካባ የለበሰ፣ በፈረስ ሰረገላ የሚዞር መስፍን ቀን ቀን ሬሳ ሳጥን ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ እየተነሳ የሰው ደም ይጠጣል። የሳጥኑ ክዳን ገና ገርበብ ሲል እኔ ደጅ ነበርኩ።

እንድሪስ እስከ መርሳ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ የሸሸኸው እኮ ክዳኑን ነው። ሰውየው ገና አልተነሳም። ደግሞ እኛን ምን አስፈራን? የኛ ሙታን በከፈን ተጠቅልለው፣ አፈር ተጭኗቸው ነው ያሉት። ሳጥን ያላቸው ይፍሩ።»

ቢስቅም አስለመደኝ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ አስቀመጠኝ። ፊቱን ተውና እጁን እይ አለኝ። ሙዚቃው ሲጮህ ምንም የለም፤ ዝም ሲል ተዘጋጅ አለኝ። በተመላለስን ቁጥር አንድ አንድ ወንበር ወደ ፊት ተጠጋሁ። ከዚያማ መውደድ ጀመርኩ። መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ጭነት ላይ ያለ ሰው ሆዱ ባዶ እንደሚሆነው ነው፤ ይፈራል፣ ግን ሌላ ቁልቁለት ያምረዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሰውየው ልጅቱ አንገት ላይ ጥርሱን ሲተክል ማየት። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ እጨፍናለሁ።

«እሱን ሳታይ ለመድኩ እንዳትል» ይለኛል እንድሪስ።

ካሴቱ ወደ ደሴ ሊመለስ ነው በተባለበት የመጨረሻ ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ተኝታለች። ሙዚቃው ዝም አለ። ሰውየው ጎንበስ ሲል አግዳሚውን በሁለት እጄ ጨመደድኩ፤ ላቤ ወረደ፤ ዓይኔ ግን አልተከደነም።

ጋቢ። ነጭ ጋቢ ብቻ።

«ጋሽ ይማም፣ ሊስማት አይደለም እኮ፤ ሊነክሳት ነው» አልኩ።

«ቢነክሳትስ? የሰው ልጅ መኝታ ቤት ድረስ ገብቶ?»

«ደሟን ሊመጥ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ የባሰ ነው» ብለው ጋቢውን አጠበቁት።

«በአላህ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቀዋለሁ። ተቀመጥ።»

ከጋቢው ማዶ ልጅቱ ጮኸች። ሲገለጥ ፊልሙ ላይ ነግቷል፤ አንገቷ ላይ ሁለት ነጠብጣብ አለ። እንድሪስ አፉን በክንዱ ይዞ ይንፈቀፈቃል። ለካ እኔ ስጨፍን ሁሉ እሱ ጋቢውን ሲያይ ነው የከረመው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ቢሆን ፊት ወንበር ትደርስ ነበር?»

ካሴቱ ሄደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ይማምን ባገኘሁ ቁጥር ሰላምታዬ ቀዝቃዛ ነበር። ከሞቱ በኋላም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቅሬታው አልወጣልኝም። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፤ እኔ ግን ያን ያህል ፈርቼ ያን ያህል የደፈርኩበት ሌላ ነገር የለኝም።

ይህን ለሃያት ስነግራት ስለ ካባው፣ ስለ ሰረገላው ጠየቀችኝና ስልኳ ላይ ፈለገች። ብዙ ካሳየችኝ በኋላ ፈረሶቹ ጉም ውስጥ ሲመጡ አወቅሁት። ወደዚያ ቦታ ወሰደችልኝ። ሙዚቃው ዝም አለ። ሰውየው ጎንበስ አለ፤ ክንዱን አነሳና በገዛ ካባው ልጅቱን ጋረዳት። ከዚያ ነጋ።

«የታለ?» አልኳት።

«ይኸው ነው አባባ። ያኔ እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ አያሳዩም።»

መልሺው አልኳት። መለሰችው። ካባ።

ጋሽ ይማም የጋረዱብኝ ሌላ መጋረጃ ነው ለካ። ይህን ሳውቅ ሊቀለኝ ሲገባ ጭራሽ ተናደድኩ፤ የምቀየመው ሰው እንኳ አጣሁ። ሃያት አሳዘንኳት መሰለኝ፣ «አዲሶቹ ሁሉን ያሳያሉ፣ አንዱን ልክፈትልዎት?» አለችኝ።

«ተይው ልጄ» አልኳት። እኔ የለመድኩት የዚያን ሰውዬ ፍርሃት ነው። ሌላ ፍርሃት ሀ ብዬ ለመልመድ ጊዜውም እንድሪስም የለኝም።